ከሞሮኮ የመጣ የሻርክ ጥርስ፦ ዕድሜውንና እውነተኛነቱን በምን እንለያለን?

መምህር ዘአዳማ (ውይይቱን የከፈቱ፣ አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። እዚሁ አዳማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከካዛብላንካ የተመለሰ ዘመዴ ለክፍል ማሳያ ይሆንሃል ብሎ ግማሹ በአሸዋማ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ የሻርክ ጥርስ አምጥቶልኛል። ጥርሱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ጥቂት ያልፋል፤ ከዋናው ስለት ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንንሽ ጫፎች አሉት፤ ጠርዙን በጥፍሬ ስፈትሸው ልሙጥ ነው፤ ስለቱ ቡናማና አንጸባራቂ፣ ሥሩ ደግሞ ቢጫማና ሻካራ ነው። ሻጩ «ሜጋሎዶን ነው፣ መቶ ሚሊዮን ዓመት አልፎታል» ብሎ እንደሸጠለት ነግሮኛል። በተማሪዎች ፊት ቆሜ ይህንኑ ከመድገሜ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቹ መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ የሻርክ ሌላው አካል ሁሉ ጠፍቶ ጥርሱ ብቻ የሚገኘው ለምን እንደሆነና እንዲህ ያለ ቅሪተ አካል በአገራችን ሊገኝ ይችል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጠጠር ለቃሚ (አዳማ)

መምህር፣ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሜጋሎዶን የተባለው፣ ዛሬ የጠፋው ግዙፍ ሻርክ አለመሆኑን ለመናገር በቂ ናቸው። የሜጋሎዶን ጥርስ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ሥር ባለ መጋዝ ነው፤ በጎልማሳው ላይ የጎን ጫፎችም አይታዩም። ልሙጥ ጠርዝና የጎን ጫፎች ያሉት፣ ከሞሮኮ የመጣ ትልቅ ጥርስ ከሆነ ኦቶደስ ኦብሊኩዎስ የሚባለው ዝርያ ነው ብዬ እገምታለሁ። ይህ ሻርክ የሜጋሎዶን የሩቅ ቅድመ አያት ተደርጎ የሚቆጠር ሲሆን የኖረውም ከ60 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ ጠርዙ ቀስ በቀስ ወደ መጋዝነት ሲለወጥና የጎን ጫፎቹ እየመነመኑ ሲጠፉ ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ በመጨረሻ የመጣው ሜጋሎዶን ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ኖሮ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። ስለዚህ የሻጩ መቶ ሚሊዮን ዓመት ለአንዱም አይሆንም።

ጥርሱ የወጣው በኹሪብጋ አካባቢ ከሚገኘው የፎስፌት ንጣፍ ሳይሆን አይቀርም። ያ ንጣፍ ከክሪቴሸስ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኢዮሲን ድረስ (ከ70 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ብዙም ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፤ ዛሬ በዋናነት የሚቆፈረው ለማዳበሪያ ሲሆን ጥርሱ የማዕድኑ ተረፈ ምርት ነው ማለት ይቻላል። አገራችን ማዳበሪያ ከምትገዛባቸው አገሮች አንዷ ሞሮኮ ስለሆነች፣ የዚህ ጥርስ ጎረቤት የነበረው ድንጋይ ተፈጭቶ በአርሲ ማሳ ላይ ተበትኖ ቢሆን አይገርመኝም።

እውነተኛነቱን በተመለከተ ጥርሱንና ድንጋዩን ለያይተው ይመርምሩ። ጥርሱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ድንጋዩ አሸዋና ሙጫ ተደባልቆ የተሠራ መሆኑ በጣም የተለመደ ነው፤ የአንዱ ስለት ከሌላው ሥር ጋር የተጣበቀበትም አለ። አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ ሌንስ ጥርሱ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይዩት። ጥቃቅን የአየር አረፋ ወይም እንደ ቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ሙጫ ነው፤ የጋለ መርፌ ጫፍ ሲነካው የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነም ጥርጣሬ አይኖርም። በስለቱና በሥሩ መካከል ጠቆር ያለ፣ ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ ሽፋን) የሌለበት ቀበቶ መኖር አለበት፤ በሥሩ ላይም የደም ሥር የሚገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። አንጥረኛ እነዚህን አስመስሎ ለመሥራት አይደክምም፤ እውነተኛው ጥርስ እንደ ልብ ስለሚገኝ አያዋጣውም።

የቦኩ ልጅ (አዳማ)

ሜጋሎዶን ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍቷል ሲባል በምን ተረጋገጠ? ከጥልቁ ፓስፊክ የወጣ ጥርስ ተመርምሮ ዕድሜው አሥራ አንድ ሺህ ዓመት ብቻ ሆነ የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጥልቁ ባሕር ገና ያልተዳሰሰ ስለሆነ አሁንም ሊኖር አይችልም?

ጠጠር ለቃሚ (አዳማ)

ያነበቡት ነገር መነሻ አለው። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ጉዞ ከፓስፊክ ወለል ማንጋኒዝ የለበሱ የሜጋሎዶን ጥርሶች አውጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ተመራማሪ የማንጋኒዙን ውፍረት ለክቶ፣ ማንጋኒዝ በዓመት ይህን ያህል ያድጋል ብሎ በማሰብ ጥርሶቹን ከ11 ሺህ እስከ 24 ሺህ ዓመት አደረጋቸው። ይሁን እንጂ የማንጋኒዝ ልባስ የሚያድግበት ፍጥነት ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ ቆሞ ሊከርምም ይችላል። ጥርስ በአፈር ካልተሸፈነ በባሕር ወለል ላይ ሚሊዮን ዓመታት ተጋልጦ መቀመጥ ስለሚችል፣ በላዩ ያለው ልባስ የጥርሱን ዕድሜ አይናገርም። ካርቦን 14 የተባለው የዕድሜ መለኪያ ደግሞ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ ስለማይሠራ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ጥርስ የሚመዘነው በወጣበት ንጣፍ ዕድሜ ነው፤ ዕድሜያቸው በሚገባ በታወቁ ንጣፎች ውስጥ የሜጋሎዶን ጥርስ ከተባለው ጊዜ ወዲህ አይገኝም።

ለመምህር የምጨምረው ከዚሁ የተያያዘ ነው። የእርስዎ ጥርስ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ የጻፈ ሰው ስለሌለ ዕድሜው «በግምት» ከሚለው አያልፍም። ዝርያው ስለታወቀ አሥር ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ክልል ውስጥ አስገባነው እንጂ ከዚያ በላይ ማጥበብ አይቻልም።

የወንጂዋ ሐኪም (አዳማ)

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ መምህር «ጥርሱ ብቻ ለምን?» ላሉት በሙያዬ በኩል ልመልስ። የሻርክ አጽም አጥንት አይደለም፤ የጆሯችን ቅርጽ የቆመበት ዓይነት ካርቲሌጅ ነው። በካልሲየም የጠነከረ ክፍል ቢኖረውም አብዛኛው ከሞት በኋላ በፍጥነት ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ውስጡ ዴንቲን የሚባል ጠንካራ የጥርስ አካል፣ ላዩ ኢናሜሎይድ የሚባል ንብርብር ስለሆነ ሲፈጠር ጀምሮ ማዕድን ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ሻርክ ጥርስ መተካት አያቆምም። ከመንጋጋው በስተውስጥ ተደርድረው የሚጠብቁ ጥርሶች ወደ ፊት እየገፉ የረገፈውን ይተካሉ፤ አንድ ሻርክ በዕድሜው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች ባሕር ውስጥ ይጥላል። እኛ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተፈቀደልን፤ ይህን ለታካሚዎቼ ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል።

በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች የሚያስገርመው ሌላ ጉዳይ አለ። የሻርክ ኢናሜሎይድ የተሠራበት ማዕድን ፍሎሮአፓታይት ነው፤ ማለትም ፍሎራይድ የገባበት ፎስፌት። የእኛ ኢናሜል በዋናነት ሃይድሮክሲአፓታይት ነው። ፍሎሮአፓታይት በአሲድ በቀላሉ አይሟሟም፤ ይህም ጥርሱ ከመሬት በታች ለሚሊዮን ዓመታት እንዲቆይ ከሚያግዙት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የቦኩ ልጅ (አዳማ)

ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ነገር አልገባኝም። የወንጂ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙዎቻችን ጥርስ ቡናማ ሆኗል፤ ይሰባበራልም። ሻርክን የሚያጠነክር ነገር እኛን ስለ ምን ያበላሻል?

የወንጂዋ ሐኪም (አዳማ)

ወንድሜ፣ ልዩነቱ በአፈጣጠሩ ነው። የሕፃን ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ኢናሜሉ በሚሠራበት ጊዜ ፍሎራይድ ከበዛ፣ ኢናሜሉን የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸው ይዛባና ማዕድኑ በሚገባ ሳይሞላ ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል ወንፊታማ ስለሚሆን ከምግብና ከውኃ ቀለም ይጠጣል፤ ብሶ ከሆነም ላዩ ይፈረፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋሉ። ሻርክ ግን ከመጀመሪያው ፍሎሮአፓታይት እንዲሠራ ሆኖ የተፈጠረ ሥርዓት ነው ያለው። ደግሞም «ያጠነክራል» የሚለውን ጠንቀቅ ብለው ይውሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በማኮና በነብር ሻርክ ጥርስ ላይ የታተመ ጥናት ጥንካሬው ከሰው ጥርስ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ፍሎራይዱ የሚጠቅመው አሲድን በመቋቋም ነው።

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

በሐዋሳ የዓሣ ሀብት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ሁላችሁም በአፍ ጥርስ ላይ ብቻ ቆማችሁ የቀረውን ረሳችሁት። ሻርክ ከአፉ ይልቅ በቆዳው ላይ የሚያወጣቸው ጥርሶች እጅግ ይበዛሉ። ዴንቲክል ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሱ ስለሆኑ በዓይን ሲታዩ የአሸዋ ብናኝ ናቸው።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ መጥቶ ያየ ሰው የቆሮሶ ቅርፊት በቢላዋ ጀርባ ሲፋቅ ያውቃል። አንዱን ቅርፊት አንሥታችሁ ወደ ብርሃን ብታደርጉት በላዩ ክብ ክብ መስመሮች ታያላችሁ፤ ቅርፊቱ ከዓሣው ጋር አብሮ ስለሚያድግ ነው መስመር የሚያወጣው፤ እኛም ዕድሜውን ለመገመት እንጠቀምበታለን። የሻርክ ዴንቲክል እንዲህ አይደለም። አንዴ ከወጣ አያድግም፤ ሻርኩ ሲያድግ አዳዲስ ይጨመሩለታል፣ ያረጁትም ረግፈው ይተካሉ። ስለዚህ በላዩ የዕድሜ መስመር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። አሠራሩን ግን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ሙሉ ጥርስ ነው። ከታች በቆዳው ውስጥ የሚቀበር ጠፍጣፋ መሠረት አለው፤ ከመሠረቱ ቀጭን አንገት ይነሣል፤ በአንገቱ ላይ ወደ ጅራት ያዘነበለ አክሊል ይቀመጣል። ውስጡ ለደም ሥርና ለነርቭ ባዶ ክፍል አለው፤ ግድግዳው ዴንቲን ነው፤ ላዩ በአንጸባራቂ ጠንካራ ንብርብር ተሸፍኗል። ዶክተራችን ለሥር ሕክምና የሚቆፍሩት ክፍል ሁሉ እዚያች ብናኝ ውስጥ አለ።

አክሊሉ ደግሞ ስለ ባለቤቱ አኗኗር ይናገራል። በክፍት ባሕር በፍጥነት የሚዋኙ ሻርኮች ዴንቲክላቸው ቀጭን ሆኖ በላዩ ትይዩ የሆኑ ጥቃቅን ሸንተረሮች አሉት፤ ሸንተረሮቹ ውኃው በቆዳው ላይ የሚፈጥረውን መጎተት ይቀንሳሉ። ከወለሉ ጋር እየታከኩ፣ በድንጋይና በዛጎል መካከል የሚኖሩት ደግሞ ወፍራምና ድቡልቡል ዴንቲክል አላቸው፤ ሥራው መከላከያ ነው። እንግዲህ የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ የየትኛው ዓይነት ዴንቲክል እንደሚበዛ የቆጠረ ሰው፣ አንድም ትልቅ ጥርስ ሳያገኝ ያ ባሕር ምን ዓይነት ሻርኮች ይኖሩበት እንደነበር ሊናገር ይችላል። የመምህር ጥርስ ለዓይን ግሩም ነው፤ ለእኔ ግን ያ ጥርስ ከነበረበት ንጣፍ አንድ እፍኝ አፈር ይበልጥብኛል። ሻጩ አራግፎ የጣለው አፈር ማለቴ ነው።

የቦኩ ልጅ (አዳማ)

እንግዲያው ሻርክ ቅርፊት አለው ማለት ነው? «ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ» ስለሚል ነው አምባዛ የማንበላው፤ ሻርክን ግን ሊያስበላን ነው።

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

እሱን ለመምህራነ ሃይማኖት እንተወው። አምባዛ ግን በእርግጥ ቅርፊት የለውም።

ሰርክ ጠያቂ (ሐዋሳ)

አሞራ ገደል የጻፉትን በደስታ አነበብሁ፤ ነገር ግን «ሊናገር ይችላል» የሚለው ቃል የተቸኮለ ይመስለኛል። አንድ ሻርክ በአፍንጫው፣ በጀርባውና በክንፉ ጠርዝ ላይ የተለያየ ቅርጽ ያለው ዴንቲክል ያበቅላል። ከንጣፍ የወጣችው ብናኝ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደመጣች ካልታወቀ፣ ሁለት ዓይነት ዴንቲክል ያየ ሰው ሁለት ዝርያ አገኘሁ ሊል ነው። በጥርስም ቢሆን ይኸው ደርሷል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሉዊ አጋሲ የጥንት ዓሦችን ሲመድብ ጀምሮ በጥርስ ብቻ ስም የተሰጣቸው ብዙ ዝርያዎች፣ በአንድ መንጋጋ ላይ የፊቱና የጎኑ ጥርስ እንደሚለያይ ሲታወቅ ተሰርዘዋል ወይም ተጠቃለዋል። በተጨማሪም አንድ ሻርክ ሺህ ጥርስ የሚጥል ከሆነ፣ የጥርስ ብዛት የሻርክ ብዛት አይደለም።

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሙያው ውስጥም በትልቁ የተከራከሩበት ነው። ኤሊዛቤት ሲበርትና ሊያ ሩቢን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። ከሰሜንና ከደቡብ ፓስፊክ ጥልቅ ወለል በቁፋሮ የወጣ ቀይ ጭቃ ውስጥ የሚገኙ የሻርክ ዴንቲክሎችንና የአጥንታም ዓሦችን ጥርሶች ቆጠሩ። ብልሃታቸው ዴንቲክሉን ለብቻው ባለመቁጠራቸው ላይ ነው፤ ለዓሣ ጥርስ ያለውን ንጽጽር ነው የተመለከቱት፤ ጭቃው በዝግታ ወይም በፍጥነት ቢጠራቀም ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ንጽጽሩ አይዛባም። ከ19 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዴንቲክሉ ድርሻ በድንገት አሽቆለቆለ፤ በእነርሱ ስሌት የክፍት ባሕር ሻርኮች ብዛት ከ90 በመቶ በላይ፣ የዴንቲክል ቅርጽ ዓይነትም ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። በዚያ ወቅት ይህን የሚያስረዳ የታወቀ የአየር ንብረት መናወጥ ስለሌለ ምክንያቱ አልተገኘም።

በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃውሞ አቀረቡ። ከተቃውሞው ዋናው ሰርክ ጠያቂ ያነሡት ነው፤ የዴንቲክል ቅርጽ ዝርያን አይወክልም፣ ስለዚህ «የዓይነት መቀነስ» የሚለው መደምደሚያ አይጸናም የሚል ነው። ከሁለት ቦታ የወጣ ጭቃ ለዓለም ባሕር ሁሉ ይናገራል ወይ የሚለውም ተነሥቷል። ደራሲዎቹ መልስ ሰጥተዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። እኔ በበኩሌ የብዛቱ መቀነስ ከዓይነቱ መቀነስ ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ አለው ባይ ነኝ። ንጽጽሩ ወርዶ ተመልሶ አለመነሣቱን የአካል ክፍል ልዩነት አያስረዳውም፤ የጥንቱ ሻርክም አፍንጫና ክንፍ ነበረውና።

ለቅርብ ዘመን ደግሞ ዘዴው የበለጠ ይሠራል። በፓናማ በካሪቢያን በኩል በሚገኝ የ7,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የኮራል ንጣፍና በዛሬው የኮራል አሸዋ ውስጥ ያሉት ዴንቲክሎች ተነጻጽረው፣ የሻርክ ብዛት በ70 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እዚያ የተቆጠሩት ዴንቲክሎች ባለቤቶች ዛሬም በሕይወት ስላሉ ቅርጹን ከቆዳቸው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ሰርክ ጠያቂ (ሐዋሳ)

ስለ ብዛቱ ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ ዓይነቱ በአቋሜ እንዳለሁ ነኝ።

መምህር ዘአዳማ (አዳማ)

ብዙ ተምሬያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ዴንቲክል በአሠራሩ ጥርስ ከሆነ፣ የትኛው ነው የቀደመው? ቆዳ ላይ የነበረው ወደ አፍ ገባ ወይስ የአፉ ወደ ቆዳ ወጣ?

ጠጠር ለቃሚ (አዳማ)

ሁለቱም ጎራ ደጋፊ አለው። በድንጋይ መዝገቡ ቅርፊት ይቀድማል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ሃርዲንግ ከሚባለው የአሸዋ ድንጋይ፣ ከ450 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ንጣፍ የሻርክ ወገን ቅርፊት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ተገልጸዋል። ጥርስ ግን አብሯቸው አልተገኘም፤ ባለቤቶቹ ጥርስ ይኖራቸው እንደሆነም አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ እጅግ ጥንታዊ የሻርክ ጥርስ የሚባሉት ከ410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ያሉት የዴቮኒያን ጥርሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከደቡብ ቻይና ጉይዡ ግዛት ኪያኖደስ የተባለ ፍጡር ጥርሶች ሲገለጹ ወሰኑ በአንድ ጊዜ ወደ 439 ሚሊዮን ዓመት ተገፋ። እነዚህም ከጠመዝማዛ መሠረት ላይ በጥንድ ረድፍ የተተከሉ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጡ ናቸው፤ በአሲድ ከሟሟ ድንጋይ ተለቅመው ነው የተገኙት።

ስለዚህ ቅርፊቱ ቀድሞ ወደ አፍ ገባ የሚለው ሐሳብ በመዝገቡ ይደገፋል። የተቃራኒው ወገን ክርክር ደግሞ የአፍ ጥርስ ከውስጥ በተዘጋጀ ረድፍ እየተተካ ሲመጣ የቆዳው ዴንቲክል ያለ ረድፍ፣ ቦታ በተገኘበት የሚበቅል መሆኑ ነው፤ ይህ የአተካክ ልዩነት ከየት መጣ ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ተማሪዎችዎ ግን ሁለቱንም ቢሰሙ አይጎዳቸውም።

ጥርስ ብቻውን የት ድረስ እንደሚያሳስት ማሳየት ከፈለጉ ሄሊኮፕሪዮንን ያንሱላቸው። በፐርሚያን ዘመን (ከ299 እስከ 252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) የኖረ ሲሆን ጥርሱ ሳይረግፍ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ የሚያድግ ነበር። ካርፒንስኪ የተባለው ሩሲያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1899 ከገለጸው ጀምሮ ያ ጥቅል በአፍንጫ ላይ፣ በጀርባ ላይ፣ በጅራት ላይ ሲቀመጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአይዳሆ የተገኘ ናሙና በሲቲ ስካን ሲታይ በታችኛው መንጋጋ መሐል መቀመጡ ተረጋገጠ። ዘመዱም ከሻርክ ይልቅ ኪሜራ የሚባለው ዓሣ ሆኖ ተገኘ።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

እኔ ከኮርቤቲ በኩል ያገኘሁት ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር አለኝ፤ ጠርዙ ይቆርጣል። ይህን ውይይት ሳነብ የሻርክ ጥርስ መሰለኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ጥንት ከባሕር ጋር ይገናኝ ነበር?

ጠጠር ለቃሚ (አዳማ)

ባልጩት ነው። ኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ነው፤ ባልጩት ደግሞ በፍጥነት የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። የተሰበረበትን ገጽ ይዩት፤ የዛጎል ውስጥ የሚመስል ክብ ሞገድ ይኖረዋል። ጥርስ ግን ሥር አለው፤ ስለቱና ሥሩ በቀለምም በሸካራነትም ይለያያሉ። ጠርዙ ከሁለት ወገን በተከታታይ የተጠረበ ከሆነ የጥንት ሰው መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል ቦታውን መዝግበው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ በሌለው የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው፤ ከባሕር ጋር አልተገናኘም። አዳማም እንዲሁ ናት። ከእግራችን በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ሲሆን ጂኦሎጂስቶች ከዚህ አካባቢ ያለውን የድንጋይ ክምችት በቀድሞው የከተማዋ ስም «ናዝሬት ግሩፕ» ብለው ይጠሩታል፤ ዕድሜው በሚዮሲንና በፕሊዮሲን (ከ23 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ውስጥ ነው። በዚህ ውስጥ የሻርክ ጥርስ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ያባክናል።

ይህ ማለት ግን አገራችን ባሕር አላያትም ማለት አይደለም። በጁራሲክ ዘመን (ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ሰፊውን ክፍል ሸፍኖ ነበር። በመቀሌ ዙሪያ፣ በዓባይ ሸለቆ፣ በድሬዳዋና በሐረር በኩል ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው፤ አሞናይት (ጥቅል ዛጎል የነበረው፣ የጠፋ የባሕር እንስሳ) እና ኮራል ይገኝበታል፤ ለሲሚንቶ የሚፈጨውም እሱው ነው። የመምህር ኦቶደስ በሞሮኮ ባሕር በሚዋኝበት ዘመን ደግሞ መካከለኛው ኢትዮጵያ የብስ ሆኖ ሳለ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ገና ባሕር ነበር፤ አውራዱ የሚባለው የኖራ ድንጋይ በዚያ ጊዜ የተጠራቀመ ነው። በአገራችን የሻርክ ወገን ቅሪት ልፈልግ የሚል ተመራማሪ ፊቱን ወደነዚህ ቦታዎች ነው ማዞር ያለበት፤ ያውም ትልቅ ጥርስ ሳይሆን አሞራ ገደል ያሉትን ብናኝ።

መምህር ዘአዳማ (አዳማ)

ብናኙ ከድንጋይ የሚወጣው እንዴት ነው? በትምህርት ቤት ላብራቶሪ አቅም ይሞከራል?

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

ዘዴው ሥራ አያበዛም፤ ትዕግሥት ግን ይፈጃል። የኖራ ድንጋይ ካርቦኔት ስለሆነ በደካማ አሴቲክ አሲድ ይሟሟል፤ ዴንቲክሉ ፎስፌት ስለሆነ ይቀራል። አሴቲክ አሲድ በአቼቶ ውስጥ ያለው ነው፤ በላብራቶሪ ከአሥር በመቶ ያልበለጠ ቅልቅል ይጠቀማሉ። ድንጋዩ ተሰባብሮ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በወንፊት ላይ ይቀመጥና አሲዱ ይሞላበታል፤ አረፋው ሲቆም ዝቃጩ ይታጠባል፣ አሲዱ ይታደሳል፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ። ካርቦኔቱ ካለቀ በኋላ አሲዱ ፎስፌቱንም መብላት ስለሚጀምር፣ ባለሙያዎች ከቀደመው ዙር የተረፈውን ፈሳሽ ጥቂቱን ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላሉ፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም አሲቴት አሲዱን ያለዝበዋል። ክፍሉ አየር የሚገባበት ይሁን፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የቀረው ዝቃጭ ደርቆ በማይክሮስኮፕ ሥር በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ ይለቀማል።

ቅሪተ አካል ፍለጋ ድንጋይ ከመስክ ማንሣት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለተማሪዎች ልምምድ ከእሱ አይጀምሩ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ቆርቆሮ አሸዋ ልልክልዎ እችላለሁ፤ የቆሮሶና የአምባዛ ጥቃቅን ጥርስ፣ የአከርካሪ ቁራጭና የቅርፊት ስባሪ ይገኝበታል፤ አሲድም አያስፈልገውም። ተማሪዎቹ ለቅመው፣ ጥርሱን ከቅርፊቱ ለይተው፣ ቆጥረው ንጽጽሩን ቢያወጡ ያው የፓስፊኩ ሥራ ነው የሚሆነው።

መምህር ዘአዳማ (አዳማ)

አሸዋውን በምስጋና እቀበላለሁ። ወንፊቱን ከየት ላገኝ እችላለሁ? የወጥ ቤቱ አይሆንም መቼም።

ጠጠር ለቃሚ (አዳማ)

ለዴንቲክል ሥራ 63 ማይክሮን ወንፊት ይመረጣል። እዚህ አዳማ የመንገድና የሕንፃ አፈር የሚፈትሽ ማንኛውም ላብራቶሪ ቁጥር 200 የሚባለው ወንፊት አለው፤ ቀዳዳው 75 ማይክሮን ስለሆነ ለተማሪዎች ልምምድ ከበቂ በላይ ነው። በላዩ ቁጥር 40 ወይም 60 ቢደርቡበት ሻካራው አሸዋ ለብቻው ይቀራል። ቢያውሱዎ ከመጠቀምዎ በፊት በቧንቧ ውኃ ከታች ወደ ላይ አጥበው ያድርቁት፤ የሌላ ሰው አፈር በቀዳዳው ተሰክቶ ከቀረ የእርስዎ ቆጠራ ውስጥ ይገባል። በየቆርቆሮው ላይም አሸዋው የተነሣበትን ቦታና ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፉ።